ፋይዳ፣ ፎቶ ኮፒ እና የቆሎው ወረቀት

ስለ ፋይዳ (ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ) እና ስለ ግል መረጃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ሕግ ተምሬያለሁ፤ እዚሁ ጅማ የመረጃ ቋት በመሥራት ዓመታት አሳልፌያለሁ። አንዱ «የነሱ ሰው ነህ ወይ?» ስላለኝ ላስቀድመው፦ የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለሁም። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስመዘገብ አሥሩንም ጣቴን፣ ዓይኔን፣ ፊቴን አነሱኝ። ይሄ ሁሉ ለምን? ብሔሬስ ተጽፏል?

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ማጣሪያው እሱ ነው። ጣትና ዓይን አብረው የሚወሰዱበት ምክንያትም አለው። ዕድሜውን በአካፋና በድንጋይ የጨረሰ ሰው የጣቱ መስመር ይለሰልስና ማሽኑ አላነብም ይላል፤ ያኔ ዓይኑ ይተካለታል። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቁም። ብሔር የሚሞላበት የቀበሌ መታወቂያ የያዛችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በዚህ በኩል እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። ፋይዳ የዜግነት ማስረጃም አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል።

«ፈረንጅ የሠራው ነው፣ ከጀርባ ያዩናል» ላላችሁ፦ መሠረቱ ሞሲፕ የሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር የተሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። ኮዱን ማየት መቻል ግን ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው የማንን ፋይል እንደከፈተ ማየት አይደለም። ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው ገብቶ ማን መረጃውን እንዳየበት ማወቅ ይችላል። እኔን የሚያስቀናኝ እሱ ነው።

ጥያቄ (ሂርማታ ከሚነግዱ አንድ አባት)፦ ልጄ፣ ቁጥሩ ከባንክም ከስልክም ጋር ከተያያዘ መንግሥት ያለኝን ብር ቁጭ ብሎ ያያል ማለት ነው?

ቁጥሩ ራሱ ብር አይቆጥርም፣ አባቴ። ባንኩ ወደ ፋይዳ የሚልከው «ሰውየው እሱ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ስጋትዎ ግን የዋዛ አይደለም። እስከ ዛሬ የባንክ ደብተርዎ በአንድ ቁጥር፣ ሲም ካርድዎ በሌላ፣ የግብር ፋይልዎ በሦስተኛ ተቀምጠው ነበር፤ ሦስቱን ለማገጣጠም የፈለገ ሰው ላቡን ማፍሰስ ነበረበት። አንድ ቁጥር ሁሉም ዘንድ ሲገባ ማገጣጠሙ የደቂቃ ሥራ ይሆናል። የሚያግደው ሕጉና ሕጉን የሚያስከብረው ሰው ብቻ ነው።

ሌሎችም በዚህ ተጨቃጭቀዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የእነሱን መታወቂያ፣ አድሃርን፣ ለመንግሥት ድጎማና ለግብር ፈቅዶ ለባንክ ሂሳብና ለሲም ካርድ ማስገደድን ከልክሏል። ኬንያ ላይ ደግሞ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁዱማ ናምባ የተባለውን ካርድ፣ በሰው መረጃ ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና ሥርጭቱን ሕገ ወጥ ብሎታል። እኛ ጋ ብሔራዊ ባንክ ፋይዳን ለሂሳብ መክፈቻ ግዴታ ያደረገው ከአዲስ አበባ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የሚጠብቀን ሕግ አለ ወይስ ወሬ ነው?

አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ደብዳቤህንም የስልክ ንግግርህንም አይነኬ ያደርጋል፤ የሚገደበው በዝርዝር ሕግና በአስገዳጅ ሁኔታ ነው ይላል። የዚያ ሕግ ዓላማ ከተባሉት ውስጥ «ብሔራዊ ደህንነት» እና «የሕዝብ ሰላም» አሉበት፤ ሁለቱም ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡ ቃላት ናቸው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጣ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ይባላል። ስላንተ የያዙትን የማየት፣ የማሳረም፣ የማሰረዝ መብት ይሰጥሃል። መረጃ የሾለከበት ተቋምም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት።

ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የግል ድርጅት ሲያጠፋ ይቀጣ ይሆናል፤ ያጠፋው ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆንስ? አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሰበርም ሲባል ነው ያደግሁት።

ጥያቄ፦ ስልኬን ይሰሙታል?

ያንቺን እንደሚሰሙ በምን አውቃለሁ፣ እህቴ? ሕጉን ግን ልንገርሽ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የኮምፒውተር ግንኙነትን በቀጥታ ለመከታተል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጥቃት ሊደርስ ነው ተብሎ ሲቸኮል ግን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) ፈቃድ ያለ ፍርድ ቤት የሚኬድበት በር አለው። አገልግሎት ሰጪዎች ደግሞ የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው ያቆያሉ። ይሄ ማን ከማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚናገር ነው እንጂ የተባባላችሁት አይደለም። ሌሊት ለማን እንደምትደውዪ ለሚያውቅ ሰው ግን ንግግሩ ብዙም አይጨምርለትም።

ጥያቄ፦ ስሜ ጫልቱ ነው። ቀበሌ በቁቤ (በኦሮምኛው የላቲን ፊደል) በ«ሲ» ይጀምረዋል፣ ባንክ በ«ሲ» እና «ኤች»። አሁን አንቺ አይደለሽም እያሉኝ ነው።

ጅማ ላይ ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ይሄ ነው! በቁቤ «ጨ» በ«ሲ» ብቻ ይጻፋል፤ «ሲ» እና «ኤች» አንድ ላይ «ቸ» ናቸው። «ጠ» ደግሞ በ«ኤክስ» ነው፤ ጣሰው የሚባል ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሲሄድ የቢሮ ሰዎች ስሙን ማንበብ ያቃታቸው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደል ያስተያያል እንጂ አይሰማም። መጀመሪያ ፋይዳው ላይ እንዲጻፍልሽ የምትፈልጊውን ወስኚ፤ የትምህርት ማስረጃሽ ወይም ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ብትከተይ ይሻላል። ከዚያ ሌሎቹን ወደ እሱ አምጪ። ማሳረም ልመና አይደለም፤ ከላይ ያልኩት አዋጅ መብት ብሎታል።

ጥያቄ፦ ለሁሉም ነገር «የመታወቂያ ኮፒ አምጣ»፣ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይሉኛል። ብልክ ምን አለበት?

አምና ሂርማታ ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ እንደ ወትሮው በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው የማላውቀው ሰው አየኝ፤ የመታወቂያ ኮፒ ነበር፣ ከነፎቶው። ከጀርባው አንድ መሥሪያ ቤት ያስሞላው ቅጽ ላይ የሰውየው ስልክ፣ የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ብዛት። ያ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን በይለፍ ቃል ቆልፎ፣ ወረቀቱን በኪሎ ሸጦታል። ወረቀቱን አቃጠልኩት፤ ግን ሴትዮዋ ጋ ስንት ደርዘን እንደቀረ ቆጥሬ አልመጣሁም።

ስለዚህ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ስላለው ሰርቨር ሲጠይቀኝ እኔ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ «ዳውንሎድ» የሚለውን ፎልደር አስባለሁ። ፋይዳህን ከስልክህ ልከህ ያሳተምክበት ቤት ፋይሉን አጥፍቶልሃል? ቆመህ አስጠፋ። የምትሰጠው ኮፒ ላይ በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለህ ቀን ጻፍበት። ባለ 12 አሃዙን ዋና ቁጥር ደግሞ ለተጠየቀው ሁሉ አትዘርግፍ፤ በሱ ፋንታ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር አለ።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር)፦ «ከፋይዳ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረን» ብለው ደወሉልኝ።

ሌባ ነው። ዝጋው።

ጥያቄ፦ «ለምን ፈለጋችሁት?» ብዬ ስጠይቅ ነገረኛ ይሉኛል። አንተ እንዴት ነው የምትለው?

እኔም ነገረኛ ተብያለሁ። አሁን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ለምን ነው፣ የትኛው መመሪያ ነው፣ የት ይቀመጣል? ድምፄን ከፍ አላደርግም፣ ጸሐፊዋንም «እህቴ» ነው የምላት። ባለፈው ወር ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቢሮ ይሄንኑ ስጠይቅ ጸሐፊዋ ሳቀችና «እኔም አላውቅም፣ ሲጠየቅ ስላየሁ ነው» አለች። ኮፒውን መለሰችልኝ፣ ጉዳዬም ያለ እሱ አለቀ።