ትንሽ ካሜራ ይዤ ሰርግ ብሄድ ይንቁኛል ወይ?

ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ጥያቄ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው። ልጅቷ በማርኬቲንግ ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ብዙ ቦታ አመልክታ አልተሳካላትም፣ በመሃል በስልኳ ፎቶ ማንሳት ጀመረችና ሰው ወደደላት፣ አሁን ደሞ የእናቷ ዕቁብ ወጥቶ "በይ ስራ ጀምሪበት" ብለው ብሩን ሰጥተዋታል። እንዲህ ትላለች፦ "ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሚረርለስ ካሜራ ነው፣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ እየሄድኩ የማነሳበት። ግን ብር ያለው ሰርግ ላይ ነው ይሉኛል፣ ሰርግ ላይ ደሞ ትንሽ ካሜራ ይዞ የመጣን ሰው ይንቁታል አሉኝ። የቱን ልግዛ?"

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አመስግኚልኝ። የዕቁብ ብር ስንት ወር እንደሚጠበቅ አውቃለሁ፣ ለዛም ነው ቶሎ አንድ ሞዴል ጠርቼልሽ መገላገል ያልፈለኩት። ደብዳቤሽን ሶስቴ አነበብኩትና ከዚህ በፊት ቢሮዬ መጥተው ላማከርኳቸው፣ ዛሬ በፎቶ ለሚተዳደሩ አራት አምስት ልጆች ደወልኩ፣ ከአንዱ ጋማ ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ሁለት ሰዓት አወራን። የጠየኳቸው አንድ ነገር ነው፣ ከትንሽ ካሜራ ምንድነው የምትፈልጉት?

ሁሉም ሁለት መልስ ነበራቸው። ስለራሳቸው ሲያወሩ አንድ ዓይነት ካሜራ ይገልፃሉ፣ ስለ ስራ ሲያወሩ ደሞ ጭራሽ ሌላ። ያኔ ነው ያንቺም ጥያቄ የገባኝ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ካሜራ አለ፣ በአንድ ዕቁብ ሁለቱንም ልትገዢ ነው የፈለግሽው።

ለራሳቸው የሚፈልጉት ግልፅ ነው፣ ሁሌ አብሯቸው የሚውል ካሜራ። ከነባትሪው ወደ 890 ግራም የሚመዝነውን ካነን 5ዲ ማርክ 4 ከነሌንሱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታክሲ ሚሳፈር ሰው ቶሎ ይሰለቸውና ካሜራው ቤት መቅረት ይጀምራል፣ ሶኒ ኤ6000 ግን 344 ግራም ነው፣ ከነትንሽ ሌንሱ ጃኬት ኪስ ሊገባ ምንም አይቀረው። ክብደቱ ብቻም አይደለም። ማኪያቶ የጠጣነው ልጅ ያለኝን ልንገርሽ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ሊስትሮ ጫማ እየጠረገለት ፎቶ ላንሳህ ብሎ ትልቁን ካሜራ ሲያወጣ ልጁ ብሩሹን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ የጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። በሌላ ቀን በትንሿ ሲያነሳው ግን ልጁ ስራውን ቀጠለ፣ ቀለም የነካው ጣቱ ጨርቁን ሲወጥር፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሲስቅ፣ ያ ፎቶ ተገኘ። ፎቶግራፈሮች ትንሽ ካሜራ የሚወዱት ለዚህ ነው፣ ሰው ፊቱን አይቀይርባቸውም። (ትንሽ ነው ብለሽ ግን ሳትጠይቂ ሰው አታንሺ፣ ቤተ መንግሥት አካባቢና ጥበቃ የቆመበት ቦታም ጨርሶ አታውጪው፣ አራት ኪሎን ስላልሽ ነው የምልሽ።)

ሁለተኛ የሚፈልጉት ቪውፋይንደር ነው፣ ዓይን ተጠግቶ የሚታይበትን ማለቴ ነው። ይሄን ሁሉም ደጋግመው ነው ያነሱት። ሚረርለስ ማለት ከውስጡ መስታወቱ የወጣለት ካሜራ ነው፣ ስለዚህ የምታይው በኤሌክትሮኒክ ስክሪን ነው። አሁን አሁን ካምፓኒዎቹ ለቪሎግ ብለው እያሳነሱት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይሄን ቪውፋይንደር ሆነ፣ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 የለውም፣ ኒኮን ዜድ30 የለውም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፣ ፀሐይዋ ኃይለኛ ነች፣ በበጋ ስድስት ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ቆመሽ የኋላውን ስክሪን ብታይ የራስሽን ፊት ነው የምታይበት። ስለዚህ ቪውፋይንደር የሌለውን በርካሽ ቢያመጡልሽም ለፎቶ ስራ አትውሰጂው፣ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሶስተኛው ሌንስ ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሶኒ ኤ7ሲ ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ ማለት ነው) ሆኖ 509 ግራም ብቻ ነው፣ እውነትም ያስደንቃል፣ ግን ሰርግ ቤት ሁሉ የሚይዘውን 24-70 ኤፍ 2.8 የሚባለውን የሶኒ ዙም ሌንስ፣ የመጀመሪያውን ጂ ማስተር፣ ስትሰኪበት ሌንሱ ለብቻው 886 ግራም ነው፣ በቃ ትንሽነቱ እዛ ላይ አለቀ። ትልቅ ሴንሰር ትልቅ ሌንስ ይፈልጋል፣ ይሄ የፊዚክስ ጉዳይ ስለሆነ በብር አይፈታም። ከልባቸው ትንሽ ካሜራ የፈለጉት ሰዎች ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን መካከለኛ ሴንሰር ይዘው አንድ ቀላል ፕራይም (ዙም የማያደርግ) ሌንስ ያስሩበታል፣ ሲግማ 30 ሚሊ ኤፍ 1.4 ለምሳሌ 265 ግራም ነው። ዓለም ሁሉ ወረፋ የያዘለት ፉጂ ኤክስ100 ስድስተኛው እትሙ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር፣ ሌንሱም አይነቀልም፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያን ወደ ብር ስትመቺው ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው። አሪፍ ካሜራ ነው፣ ግን ያንቺ የመጀመሪያ ካሜራ አይደለም።

አሁን ወደ ስራው እንምጣ፣ ስራ ከካሜራ የሚፈልገው ሌላ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። የታናሽ እህቴን ሰርግ ያነሳው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ እስካሁንም ጎበዝ ነው የምለው። ካሜራው ግን ባለ አንድ ካርድ ነበር፣ የመልሱ ዕለት ካርዱ ተበላሸና የዛን ቀን ፎቶ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሴት አያታችን በዛ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ነበር፣ ከአራት ወር በኋላ አረፈች። ልጁ ብሩን መለሰ፣ አልቅሶም ይቅርታ ጠየቀን፣ ግን ምን ይደረጋል፣ አያታችንን ድጋሚ ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ ሰርግ ያለ ሁለት ስሎት (ፎቶው በሁለት ካርድ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ማስገቢያ) አትቀበዪ ስልሽ ከቴክኒክ መፅሐፍ አንብቤ አይደለም። ትንንሾቹ ሚረርለሶች ደሞ አብዛኞቹ ባለ አንድ ስሎት ናቸው፣ ኤ6000ም፣ ካነን አር50ም፣ ያ ውዱ ኤ7ሲ እንኳን። ሁለት የሚያስገባው እንደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ዓይነቱ ነው፣ 650 ግራም።

ባትሪም አለ። ትንሽ ካሜራ ትንሽ ባትሪ ነው ያለው፣ ኤ6000 በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ባትሪ 360 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፣ በተግባር ከዛ ይበልጣል ግን ከጠዋት ተክሊል እስከ ማታ አዳራሽ ድረስ በአንድና በሁለት ባትሪ አትወጪውም። ሶስት አራት ያስፈልግሻል፣ ማታውኑ ደሞ መሞላት አለበት፣ ሌሊት መብራት ቢጠፋስ ብለሽ አስበሽ።

ፍላሽም (የካሜራውን መብራት ማለቴ ነው) እንደዛው። ሶኒ በ2024 ያወጣው ሁለተኛው ዜድቪ-ኢ10 ሜካኒካል ሻተር (የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ) የለውም፣ በዛ ምክንያት ፍላሽ አይሰራበትም፣ አንድ ልጅ ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ለአዳራሽ ስራ ሳይሆነው ቀርቶ መልሶ ሸጠው። ድምፅ አልባ ሻተርን በተመለከተ ቤተክርስቲያን ውስጥ በረከት ነው፣ ቅዳሴ መሃል ቀጭ ቀጭ ስትይ ዲያቆኑ ዞር ብሎ ሲያይሽ የሚሰማሽን ስሜት ያስቀርልሻል፣ ግን ተጠንቀቂ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ዓይን አያየውም፣ ድምፅ አልባው ሻተር ግን ሴንሰሩን መስመር በመስመር እያነበበ ስለሚወርድ ፎቶው ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ይጥልብሻል። የሻተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ስታደርጊው አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ይሄን ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ሄደሽ ሞክሪው፣ በሰርጉ ቀን አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሚረርለስ ለሀገራችን ሰርግ የሚያደላበት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ አላልፍም። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ነጭ ነጠላና ሐበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል፣ ጠይሟ ሙሽራ ፊቷ ይጠቁርብሻል። ፊቷን ላብራ ብለሽ ስትጨምሪ ደሞ የቀሚሱ ሽመና ነጭ በነጭ ሆኖ ይጠፋል። በድሮው ካሜራ ይሄን የምታውቂው ካነሳሽ በኋላ ነው፣ በሚረርለስ ግን ሳትጫኚው በፊት በቪውፋይንደሩ ታዪዋለሽ፣ ብዙዎቹ ላይ ደሞ ዜብራ የሚባለውን ብትከፍቺ ነጩ ሊጠፋ ሲል መስመር መስመር እያለ ያስጠነቅቅሻል። ፊቷን ጠብቂ፣ ከነጩ ትንሽ ተይ፣ ሮው (ጥሬውን ፋይል) አንሺ፣ ቀሪውን ኤዲት ላይ ታመጪዋለሽ።

ይንቁኛል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ አንዳንዱ ይንቅሻል፣ አልዋሽሽም። ሚዜዎቹ ትልቅ ካሜራ ያያሉ፣ የሙሽራው አጎት "ይቺ ልጅ በዚች ነው ምታነሳው?" ይላል። ግን ማንም ሰው በካሜራሽ መጠን አይዋዋልሽም፣ የሚዋዋልሽ አልበም አይቶ ነው። ለዛ የሚሆነው ውል ከመፈራረማችሁ በፊት የታተመ፣ በስልክ ያልሆነ፣ ሃያ ፎቶ እጃቸው ላይ ማስያዝ ነው፣ ከእናትየዋ ጀምረሽ። እናት ከወደደች አጎት ዝም ይላል።

እንግዲህ ውሳኔዬን ልንገርሽ። ያንቺን ብር ለሰርግ ካሜራ አታውዪው፣ ለራስሽ ካሜራ አውዪው። ቪውፋይንደር ያለው ያገለገለ ኤፒኤስ-ሲ፣ ኤ6000 ወይም ኤ6400 ወይም አር50፣ ከአንድ ጥሩ ፕራይም ሌንስ ጋ፣ በዚህ ላይ ሶስት ባትሪ። ከብሩ አንድ ሶስተኛውን አትንኪው፣ ለሃርድ ዲስክ፣ ለፍላሽና ለትራንስፖርት ነው። በዚህ ካሜራ የምትሰሪው ስራ ሰርግ ሳይሆን ዲግሪሽ የሚያውቀው ነው፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስና ጫማ የሚሸጡ ሱቆች፣ ቡና የሚቆሉ፣ ምግብ ቤቶች፣ እነሱ የሚፈልጉት ፎቶ ብቻ አይደለም፣ ምን ተብሎ እንደሚፖሰትም የሚያውቅ ሰው ነው፣ አንቺ ሁለቱንም ይዘሻል። ብዙ ፎቶግራፈር ይሄ የለውም። ሰርግ ሲመጣ ባለ ሁለት ስሎቱን ለቀኑ ትከራዪና ኪራዩን ዋጋሽ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ድርጅት ጋ ለመስራት ደሞ ደረሰኝ ስለሚጠይቁሽ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበሩን ከአሁኑ ጀምሪ።

ያገለገለ ስትገዢ ሻጩን አትፍሪው፣ ጊዜ ውሰጂ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አጥብበሽ ነጭ ግድግዳ አንሺና አጉልተሽ እዪው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፣ ቢፀዳም ቦታው እንደ ጭረት ከቀረ ተይው። ሌንሱን ብርሃን ላይ ይዘሽ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ፈልጊ። ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ክፈቺ፣ ለጃፓን ገበያ ከተሰሩት አብዛኞቹ ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፣ ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም፣ እየሳቁ "ይለመዳል" ይሉሻል፣ አይለመድም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሶስት ቅዳሜ ስጪኝ። የሰርግ ሰሞን ሲሆን፣ ጥር ላይ ወይ ከፋሲካ በኋላ፣ ስቱዲዮዎች ሰው ያጥራቸዋል፣ ሂጂና "ሰከንድ ሹተር (ረዳት አንሺ) ልሁን፣ ቦርሳም እይዛለሁ" በያቸው፣ ለመጀመሪያው ቀን የትራንስፖርትና የምሳ ብቻ ተቀበዪ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ተስማምተሽ ሂጂ፣ በነፃ አትልመጂ። ካሜራው ኪራይ ይሁን፣ አንድ ቀን ትልቁን አንድ ቀን ትንሹን። ማታ ቤት ስትገቢ እጅሽን ምን እንዳመመው፣ ምን ፎቶ እንዳመለጠሽ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ ወረቀት ላይ ፃፊ። ብሩ እስከዛ ባንክ ይቀመጥ፣ እናትሽም ይወቁት። ሶስተኛው ቅዳሜ ሲያልፍ ወረቀቱን አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየውና ልትገዢ ስትሄጂ ያ ስታዲየም ያለው ልጅ አብሮሽ ሊሄድ ቃል ገብቶልኛል።