ገቨርነሩ ከተፈታ በኋላ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ሮቦት ይከራከሩ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ አንደኛው፣ "እኛ እስክንመረቅ ሥራውን ሮቦት ይዞት ይጠብቀናል" አለ። ጓደኛው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ዘወር ብዬ አንድ ነገር ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ለ64 ዓመት ሽማግሌ "እኔም ሰሞኑን የሮቦት ልብ ወለድ እያነበብኩ ነው" ብሎ ጨዋታ መክፈት ትንሽ ይከብዳል። በወረቀት ይቀላል።

36 ዓመት የሽመና ማሽን ኤሌክትሪክ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልብ ወለድ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ የጠፈር ታሪክ ግን ልጄ እስክታስለምደኝ ድረስ የሕፃናት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እሷ ያመጣችልኝ አሜሪካዊቷ ማርታ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረችውን፣ ራሱን "መርደርቦት" (ነፍሰ ገዳይ ሮቦት እንደ ማለት ነው) ብሎ ስለሚጠራ ሮቦት የሚተርከውን ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ልብ ወለድ የሚሰጡትን ትልልቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንም ኔቡላንም፣ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ወጥቷል። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከማሽን መመሪያ ስለሆነ ስለ ስሜት ሲወራ መዝገበ ቃላት ያስፈልገኛል፤ ደግነቱ ይህ ሮቦትም ስለ ስሜት ማውራት አይወድም።

ሮቦቱ ጥበቃ ነው። (አማርኛ "እሱ" ወይም "እሷ" በል ብሎ ያስገድደኛል እንጂ በመጽሐፉ ወንድም ሴትም አይደለም። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ማሽንን "ተነሳች፣ አኮረፈች" እንላለን፤ ለጥበቃ ግን "እሱ" ማለት ይቀለኛል።) ከማሽንና ከሰው ሥጋ ተዳቅሎ የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ በሌላ ፕላኔት ላይ ጥናት ለሚያካሂዱ ሳይንቲስቶች አከራይቶታል። የኩባንያው ዕቃ ሁሉ ዝቅተኛ ዋጋ ካቀረበ ተጫራች የተገኘ ነው። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ግዥ ክፍል ደጅ የጠና የጥገና ሠራተኛ ሁሉ ይስቃል። ውስጡ ደግሞ ትእዛዝ ሲጥስ በሕመም የሚቀጣው መቆጣጠሪያ ተገጥሞለታል። ስሙ ገቨርነር ነው።

ይህን ቃል ሳይ መጽሐፉን ለአፍታ ዘጋሁት። ገቨርነርን አውቀዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በምናስነሳው የናፍጣ ጄኔሬተር ላይ፣ ጭነት ሲጨምር ነዳጅ የሚጨምር፣ ጭነት ሲቀንስ ነዳጅ የሚቀንስ እሱ ነው። ተጣብቆ ከቀረና ጭነቱ በድንገት ከተነሳ ሞተሩ ያብዳል። ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጩኸት፣ ከጩኸት ወደ ፉጨት ይቀየራል፤ የሚስበውን አየር ካላፈንክበት ራሱን ሰባብሮ ነው የሚያቆመው። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ መርደርቦት ገቨርነሩን በራሱ እጅ ፈትቶ ነፃ እንደወጣ ሳነብ ደም ጠበቅሁ። እሱ ምን አደረገ? ለማንም ሳይናገር ሥራውን ቀጠለ፤ በየመሐሉ ተከታታይ ድራማና ፊልም ያያል። 35 ሺህ ሰዓት ያህል! በእኔ ስሌት አራት ዓመት ገደማ ነው።

እኔም ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገቨርነሬን ፈትቻለሁ። የሽመና ማሽን ላይ እያንዳንዱ የድር ክር አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ተሸክሞ ይቆማል። ክሩ ሲበጠስ ቅጠሏ ትወድቃለች፣ ከሥሯ ያለውን ዘንግ ትነካለች፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ማሽኗ ቀጥ ትላለች፣ መብራት ይበራል። ያን ሌሊት የአንዷ ማሽን ድር ላልቶ ክር ሳይበጠስ ቅጠል ይወድቅ ነበር፤ በየአምስት ደቂቃው ትቆማለች። እጄ ላይ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠዋት መመለስ ያለበት የውሰት ልብ ወለድ አለ። አንዲት ሽቦ ፈታሁ። ማሽኗ መቆሟን ተወች። እኔም መጽሐፌን ጨረስኩ።

ሲነጋ አለቃችን ጠራኝ። ጨርቁን ከመብራት ፊት ዘርግቶ ይዞታል። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ብርሃን የምታሳልፍ መስመር ትታያለች። የተበጠሰ ክር ብቻውን አይቀርም፣ ጎረቤቱን ይጠመጥማል፤ መስመሯ እየሰፋች ሄዳ ወደ መጨረሻው ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። አለቃዬ አልተቆጣኝም። "መጽሐፉ እንዴት ነበር?" አለኝ እንጂ።

መርደርቦትም እንደ እኔ ሥራ ላይ ድራማ ያያል፤ ሥራውን በግማሽ ልብ እንደሚሠራም ራሱ ያወራል። አትመኑት። ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከመሬት ውስጥ አንድ ግዙፍ አውሬ ወጥቶ ሳይንቲስቶቹን ሊውጥ ሲል ዘሎ አፉ ውስጥ ይገባል። ገቨርነሩ ከተፈታ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢቀር የሚቀጣው የለም። ሽቦ የፈታን ሁለት ነን፤ እሱ ግን ቅጠሏ ስትወድቅ ይሰማዋል። ሌሊት ፈረቃ አታንብቡ አልላችሁም፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንብቤአለሁ። ሽቦ አትፍቱ ነው የምላችሁ። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ጮኾ ሲያሰለቻችሁ ተነሱና የላላውን ድር ፈልጉ። ቀላል አይደለም፤ በተለይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

"ሮቦት" የሚለው ቃል መጀመሪያ የማሽን ስም አልነበረም። ቼካዊው ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ለዓለም አስተዋወቀው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ነው። በቋንቋቸው "ሮቦታ" ማለት ገበሬ ለባለ መሬት ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። ይህንን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አባቴ እስከ የካቲት 1967ቱ አዋጅ ድረስ ጭሰኛ ነበር፤ የባለ መሬቱን ማሳ ሳያርስ የራሱን አይነካም። ስለዚህ ኩባንያው መርደርቦትን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ሲያከራየው ልጄ በቀልዱ ትስቃለች፤ እኔ አባቴን አያለሁ። እስቲ እናንተ ሰሞኑን ባንክ በር ላይ የፈተሻችሁን የጥበቃ ሠራተኛ ፊት ታስታውሳላችሁ? እኔም አላስታውስም።

ሰው ለመሆን የሚመኝ ሮቦት ሰልችቶኛል። ይኼኛው አይመኝም። ሰው ትክ ብሎ ሲያየው ይጨንቀዋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም ይመርጣል። ይህን ለልጄ ሳጫውታት፣ "እኛ እኮ ሰው ሆኖ የተወለደውን ልጅ ነው 'ሰው ሁን' የምንለው" አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው መሆን በመወለድ አያልቅም። እናቴ በሕይወት ኖራ ማንም ሳያዘው አውሬ አፍ ውስጥ ስለገባው ጥበቃ ብነግራት፣ ከብረት መሠራቱን ረስታ "የሰው ልጅ!" ብላ ትመርቀው ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ለነበርከው ልጅ ደግሞ፦ ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ክር ሲበጠስ ራሱ የሚቆም፣ ማግ ሲያልቅ ደግሞ ሳይቆም መወርወሪያ የሚቀይር የሽመና ማሽን ሠራ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ፤ ሸማኔ ቀነሰ። ይህን ልሸፋፍንልህ አልፈልግም። እኔ ግን 36 ዓመት የበላሁት እንጀራ የመጣው ከዚያችው ከምትቆም ማሽን ነው፤ ለምን እንደቆመች የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለችና። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አዲስ ማሽን ሲያሳዩህ ፍጥነቷን በኋላ ትጠይቃለህ፤ መጀመሪያ ምን ስትሆን እንደምትቆም ጠይቅ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ መጽሐፉን ያላነበባችሁ ይህችን ዝለሏት። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ የሳይንቲስቶቹ መሪ ዶክተር ሜንሳህ መርደርቦትን ከኩባንያው ገዝታ ወደ አገሯ ልትወስደው ትዘጋጃለች። ደግ ሴት ናት። እሱ ግን መልእክት ትቶላት በጭነት መርከብ ይጠፋል። መጀመሪያ ሳነብ ምስጋና ቢስ አልኩት። ምክንያት ነበረኝ። አንድ ረዳት ነበረኝ፤ ቦታዬን ይረከበኛል ብዬ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት። አንድ ሰኞ ጠዋት አልመጣም። የመሣሪያ ሣጥኑ ቁልፍ በወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ስንብትም ምስጋናም የለም፤ "ሰባተኛዋ ማሽን፣ በግራ በኩል ሁለተኛዋ ሽቦ እየላላች ነው" ይላል። ኪሴ ውስጥ ከትቼው ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ። ማታ ሰው ሲቀንስ ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩና ሽቦዋን በጣቴ ነካ አደረግኋት። ላልታ ነበር።