ጭቃውንም ዝቃችሁ እዩ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ ዳር፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ባዶ ሃይላንድ በመቀስ ቆረጥን። ቁራጩንና ክዳኑን ሳፋ ውሃ ውስጥ ጣልን። ክዳኑ ተንሳፈፈ። ቁራጩ ግን፣ የያዘውን አየር በጣቴ ሳራግፍለት፣ ቀስ እያለ ወረደ። አላመኑም፤ ሦስቴ ደገሙት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከባህር ውሃም ይከብዳል። ክዳኑም ቢሆን አልጌና ዛጎል ሲለጠፍበት ከብዶ ሊሰምጥ ይችላል።

ማሪያና በሚባለው፣ ከባህር ወለል ሁሉ ጥልቅ በሆነው ጎድጓዳ የጃፓን ተመራማሪዎች ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1998 የፌስታል ቁራጭ ቀርጿል። 10,898 ሜትር ላይ! ራስ ዳሸንን ሁለት አድርጋችሁ ብትደራርቡት እንኳ ጫፉ ከውሃው አይወጣም።

እኔ ያረጀሁት ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ወጣት ሳለሁ ከወንዝ ናሙና ስቀዳ ላይ ላዩን ቀድቼ እመለስ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጫማዬ እንዳይጨቀይ ነው። ውጤቴ ሁሌ ያማረ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ጭቃውን በጣሳ ዝቆ አመጣና «ይኼስ?» አለኝ። ለካ ከባድ ብረቶቹ እዚያ ተኝተዋል። አፈርኩ።

አንዳንዶቻችሁ «ባህሩ ካርቦኑን ይምጠጥልን» ስለሚባለው ነገር ትጠይቁኛላችሁ። ባህር ድሮም ይመጥጣል፤ ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን። በዚያው ልክ አሲድነቱ እየጨመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሕንድና የጀርመን ተመራማሪዎች አልጌ አድጎ ካርቦኑን ይዞ እንዲሰምጥ ብለው በደቡባዊው ውቅያኖስ ብረት በተኑ። አልጌው አደገ። ጥቃቅን የባህር እንስሳት ደርሰው ጋጡት። ወደ ጥልቁ የወረደው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሌላው ሐሳብ ለእኛ ይቀርባል። ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርድና እዚህ ለግንብ የምንፈልጠውን ጥቁር ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ካርቦኑ ባይካርቦኔት ወደሚባል፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ወደሚቆይ ነገር ተለውጦ በወንዝ ባህር ይገባል፤ እዚያም ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ዓባይ ከደጋችን ይህን ሲያወርድ ነው የኖረው። ታዲያ ድንጋዩን ፈጭተን ባህር ውስጥ እንበትነውና እናፍጥነው ይላሉ። ከኬሚስትሪው ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ሂሳቡ ላይ ነው። ለመፍጨትና ለማጓጓዝ ስንት ነዳጅ ተቃጠለ? ካርቦኑ ገባ ወይስ ገባ ተባለ? ወደዚህ ሥራ ከገባችሁ መለኪያው ጋ ሁኑ። ቢሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የላቦራቶሪ ቱቦ) ይዞ ጠብታ መቁጠር ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። መበተኑን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይችለዋል።

ሳፋውን ስደፋ አንዱ ልጅ «የእኛም ሃይላንድ ማሪያና ይደርሳል?» አለኝ። አይደርስም አልኩት። የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል። አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ባህር አያይም። ልጁ ደስ አለው።

«ታዲያ የት ነው የሚቀረው?» አለች እህቱ።

ለቅዳሜ አባ ሳሙኤል ልወስዳቸው ቀጥሬያቸዋለሁ። ለሦስታችንም ቦት ጫማ እያፈላለግኩ ነው።