ጦጣዎች ወደሚኖሩበት ቅዱስ ጫካ ሲሄዱ

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር የኢንዶኔዥያ ደሴት ወደሆነችው ባሊ ስሄድ፣ በኡቡድ የሚገኘውን የጦጣዎች ቅዱስ ጫካ ከልጄ ጋር ለመጎብኘት አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጫካው ሦስት የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ያሉበት የአምልኮ ስፍራ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንገባ እንደምናደርገው ሁሉ ልጅዎ በእርጋታ እንዲሄድ አስቀድመው ይንገሩት። ጦጣዎቹ ዓይን ለዓይን መተያየትንና ጥርስ ማሳየትን እንደ ዛቻ ስለሚቆጥሩት ፈገግታም ቢሆን ያስቆጣቸዋል፤ ፌስታል ኮሽ ሲል ምግብ መስሏቸው ይመጣሉ፣ መነጽርም ከፊት ላይ መንጭቀው ይወስዳሉ፤ ያን ጊዜ አይታገሏቸው። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ንክሻው ነው። በባሊ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ፣ ጦጣ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውኃ አጥበው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ስመለስ እታያለሁ አይበሉ።