የሆድ ውሃ፦ ይቀዳ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር አለባት። ክትትሏ ጥቁር አንበሳ ነው። ሰሞኑን ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ተነፋ፤ መብላትም መተኛትም አቃታት። ሐኪሞቿ «ይቀዳ» አሉ። ጎረቤት ግን «ውሃው ተቀድቶለት የተረፈ ማን አለ?» እያለ አስፈራን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቀዳላቸው። ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚቀዳው በሽታው ከጠና በኋላ ነው። ሰውየው ሲያርፍ ታዲያ ጥፋቱ መርፌው ላይ ይወድቃል።

ካንሰሩ የሆድን ስስ ገበር ሲነካ ፈሳሽ ይበዛል፤ መውጫውም ይዘጋል። ውሃው ጨጓራን ይጫናል፤ እናትሽ ሁለት ጉርሻ ሳይውጡ «ጠገብኩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሳንባንም ወደ ላይ ስለሚገፋ ትንፋሽ ያጥራል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ቦታውን ያያል፣ ቆዳውን ያደነዝዛል፣ ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ እስከ 5 ሊትር ሊወጣ ይችላል። ብዙዎች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ፤ ትንፋሻቸውም ወዲያው ቀለል ይላል። አልፎ አልፎ የደም ግፊት መውረድ፣ መድማት ወይም ኢንፌክሽን ያጋጥማል። እናትሽ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሞቹ ቀድመሽ ንገሪ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። መቅዳት ስቃይ ያቀላል እንጂ ካንሰሩን አያድንም። ውሃውም ብዙ ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ኬሞቴራፒው ከሠራላቸው ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ሆድ ላይ የሚቆይ ቱቦ ይገኝ እንደሆነ ጠይቂ።

የሚያሸና መድኃኒት ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ለዚህ ዓይነቱ ውሃ ብዙም አይረዳም፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ሆዳቸው ውሃ ቋጠረ ብላችሁም የሚጠጣ ውሃ አትከልክሏቸው። በትራስ ቀና አድርጋችሁ አስተኟቸው። ከውሃው ጋር ፕሮቲን ስለሚወጣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ስጧቸው። ጾም ከሆነ የንስሐ አባታቸውን አማክሩ። ጠበል መጠመቅ ከፈለጉም ይሂዱ፤ ቀጠሮውና መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም መቀባዠር ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ከተቀዳላቸው በኋላ ደግሞ የሚቀጥለውን ቀን ሳታስይዙ አትውጡ። እንደገና ትንፋሽ እስኪያጥራቸው መጠበቅ የለባችሁም።