የአሽበርን የቅበላ ኳስ፦ ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል?

እንግሊዝ ያለችው ትንሿ ከተማ አሽበርን ሄጄ የቅበላውን ኳስ ከልጆቼ ጋር ባየው ምን ትላላችሁ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ሂጂ። ግን ኳስ አያለሁ ብለሽ አትሂጂ። እኔ የምኖረው እዚያው አካባቢ፣ ዳርቢ ነው፤ ደጋግሜም ሄጃለሁ። ኳሷን በደንብ ያየኋት ስትወረወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ኳሷን የሚሻማ፣ እንፋሎት የሚወጣው የሰው ክምር ነው።

ጨዋታው የሚካሄደው ጾማቸው ሊገባ ሲል ባለው ማክሰኞና ጾሙ በሚጀምርበት ረቡዕ ነው። ከእኛ ቅበላ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ቀኑን ቀድመሽ አጣሪ።

ከተማዋን ሄንሞር የሚባል ትንሽ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከሰሜኑ በኩል የተወለደ የላዮች፣ ከደቡብ የተወለደ የታቾች ወገን ነው። ሁለቱ ጎሎች፣ ስተርስተንና ክሊፍተን፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ድሮ የውሃ ወፍጮ የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። የሚገርመው፣ ሁሉም ኳሷን የሚገፋው ወደ ራሱ ጎል ነው። አግቢው ወንዙ ውስጥ ቆሞ ኳሷን ጎሉ ላይ ባለው የወፍጮ ድንጋይ 3 ጊዜ ይመታል፤ በዚያ ብርድ! ከዚያ ኳሷ የእሱ ናት፣ ቤቱ ይወስዳታል። ውስጧ ቡሽ ስለሆነ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች።

ሕግ የለውም ሲሉሽ እውነት አይምሰልሽ። ሰው መግደል ክልክል ነው (አልቀለድኩም፣ ከሕጎቹ አንዱ ነው)። ኳሷን በመኪና መውሰድም ሆነ ቦርሳ ውስጥ መደበቅ አይቻልም። መቃብር ቦታ አይገባም። ገጠር ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ከተማዋ የገበያ ፈቃድ ያገኘችው በ1257 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጨዋታው መቼ እንደተጀመረ ግን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም፤ የድሮው መዝገብ በ1890ዎቹ በእሳት ወድሟል። በ1835 የወጣ ሕግ በአውራ ጎዳና ላይ ኳስ መጫወትን ቢከለክልም አሽበርኖች አልተዉትም። በ1928 አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ፣ በ2003 ደግሞ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ቻርልስ መጥተው ኳሷን ወርውረዋል።

ልጆችሽ ከፍ ያሉ ከሆኑ ሴንት ጆን ጎዳናን አሳያቸው። መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ የድሮ ሆቴል ምልክት አለ። አናቱ ላይ የተቀረጸ የጥቁር ሰው ጭንቅላት ነበረበት፣ በ2020 ወረደ። የታሪክ ቅርስ ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ለእኔ እንኳን ወረደ፤ ድሮ በዚያ ሳልፍ ቀና ማለት ያስጠላኝ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ውርወራው 8 ሰዓት ላይ (በእነሱ 2 ሰዓት) ሾው ክሮፍት መኪና ማቆሚያ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩን ሲዘምሩ ልጆቹ ይስሙ፣ ኳሷ ስትወረወር ይዩ፣ ከዚያ ራቅ በሉ። ሱቆች መስኮታቸውን በእንጨት የሚሸፍኑት በከንቱ አይደለም። ክምሩ ወደ እናንተ ከዞረ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትቁሚ፣ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ጎን ውጪ። የሕፃን ጋሪ ከያዝሽ ጭራሽ አትጠጊ። ባቡር አይገባም፣ ከዳርቢ አውቶቡስ አለ። ቡትስ ጫማ አድርጉላቸው፣ ቅያሪ ካልሲም ያዢ። የከተማዋን የዝንጅብል ብስኩት ሳትገዢ እንዳትመለሺ።