ለጋርላንዷ እህታችን፦ የኤልቲሲ ትምህርት ከማን፣ እንዴት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ሱቅ ማታ ትዘጊያለሽ፣ ግሪን ካርድ አለሽ፣ ሽጉጥ ነክተሽ አታውቂም፤ ኤልቲሲ (የቴክሳስ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ) ለማውጣት ኦንላይን ይበቃል ወይስ ጥሩ አስተማሪ ጋ በአካል ልሂድ ነው ያልሽው። ከሥር «ቴክሳስ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይቻላል፣ ብርሽን አታባክኚ» ያሉሽን አትስሚያቸው። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ መቻሉ እውነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ከትምህርት ቤት 1000 ጫማ ክልል ውስጥ የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ በመንገድ ማለፍን ይከለክላል፤ ከዚህ ነፃ የሚያወጣሽ ግዛቱ የሰጠሽ ፈቃድ ነው። ጋርላንድ ውስጥ በትምህርት ቤት አጠገብ ሳታልፊ ሥራ የምትደርሺበትን መንገድ እስቲ ፈልጊ።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ሕግ ጥሰት ከተፈረደበት የኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት አድርጎ ይይዘዋል። ሌላው ቅጣት ከፍሎ የሚረሳው ነገር አንቺን የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ያቆማል። ስለዚህ አስተማሪ ስትመርጪ በተኳሽነቱ ሳይሆን ሕጉን በሚያስተምርበት መንገድ ምረጪ።

1. አስተማሪውን ከዲፒኤስ (ፈቃዱን የሚሰጠው የቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ፈልጊና ደውይለት። ክፍሉ ስንት ሰዓት ነው በይው። ሕጉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው የሚለው፤ ተኩሱ ለብቻው ነው። «በሁለት ሰዓት አስጨርስሻለሁ» ካለሽ ስልኩን ዝጊ። እንዲህ ዓይነቶቹ የፈተናውን መልስ አስቀድመው ያነባሉ፣ የቀረውን ሰዓት ሽጉጥና ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) ለመሸጥ ይጠቀሙበታል፤ ወገኖቻችን ከነሱ ወጥተው መጠጥ በሚሸጥበት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን ቀዩን የሽጉጥ ክልከላ ምልክት ከሰማያዊው አይለዩም። በጣም ያናድደኛል። ትምህርቱ ማካተት ያለበት አራት ነገር ነው፦ የመሣሪያና ኃይል የመጠቀም ሕግ፣ የሽጉጥ አያያዝና ጥንቃቄ፣ ጠብን ያለ ኃይል ማብረድ፣ ከልጆች የራቀ አቀማመጥ። ሦስተኛውን ዘሎ የሚያልፍ አስተማሪ ጥሩ አስተማሪ አይደለም።

ቀጥለሽ ተኩስ ላይ ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚቆም፣ ሽጉጥ የሚያከራዩ መሆኑን ጠይቂ። ጀማሪ ነኝ ስትዪው ድምፁ ከተለወጠ ሌላ ፈልጊ። ጥሩዎቹ ጀማሪ ይወዳሉ፤ የሚነቀል መጥፎ ልማድ የለበትማ።

2. ኦንላይኑ ሕጋዊ ነው፤ የክፍሉን ትምህርትና ፈተናውን ብቻ ነው የሚተካው። ከዚያ በኋላም አስተማሪ ጋ ሄደሽ የተኩስ ሜዳ ትምህርት ወስደሽ መተኮስ አለብሽ። ሁለት ወረቀት ነው የሚያስፈልግሽ፤ የትምህርቱ ኤልቲሲ 100፣ የተኩሱ ኤልቲሲ 101። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ጨረስን የሚሉ ሰዎች ማመልከቻቸው ባለበት ይቆማል። ሽጉጥ ለማያውቅ ሰው በአካል ነው የምመክረው፤ መሃል ላይ እጅሽን አውጥተሽ «ይሄስ?» የምትዪው እዚያ ነው። ፈተናው 25 ምርጫ ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 በመቶ፤ 18 ካገኘሽ አለፍሽ።

3. ተኩሱ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ሒሳቡን ካወቅሽ አያስፈራም። 50 ጥይት ነው፦ 20 ከ3 ያርድ፣ 20 ከ7 ያርድ፣ 10 ከ15 ያርድ። ዒላማው የሰው ቅርጽ ያለው ቢ 27 ነው። ከ8 ቁጥር ቀለበት ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ 5 ነጥብ፣ 7 ላይ ያረፈ 4፣ ከዚያ ውጭ ግን ቅርጹ ላይ የሆነ 3። ጠቅላላው 250፣ ማለፊያው 175። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን 40 ከቀለበቱ ውስጥ ካስገባሽ 200 ሞላሽ፤ የ15 ያርዱን ሳትተኩሺ አልፈሻል ማለት ነው። ልምምድሽን ሁሉ 3 እና 7 ያርድ ላይ አድርጊው። ሰዓትም አለው፤ ከ3 ያርድ አንድ ጥይት በ2 ሴኮንድ፣ ሁለት በ3፣ አምስት በ10። 2 ሴኮንድ ከምታስቢው በላይ ረጅም ነው፤ የሚስተው የሚጣደፈው ነው።

9 ሚሊ ሜትር፣ መካከለኛ መጠን ያለው ተከራዪ። «ለሴት ትንሿ ትሻላለች» የሚልሽን አትስሚ፤ ትንሽ ሽጉጥ አብዝቶ ይራገጣል፣ ለማቀባበልም ይከብዳል። የማቀባበል ነገር ጉልበት ሳይሆን አያያዝ ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግሽ፣ ጣትሽ ከምላጩ ውጭ ሆኖ፣ ሽጉጡን ወደ ደረትሽ አቅርቢ። በግራ መዳፍሽ የላይኛውን ብረት ከኋላ በኩል ጠቅልለሽ ጨብጪ። አሁን ብረቱን አትሳቢ፤ በቀኝ እጅሽ መያዣውን ወደ ፊት ግፊው። ብረቱ ጥግ ሲደርስ ልቀቂው። በእጅሽ እየሸኘሽ ከመለስሽው ጥይቱ በደንብ አይጎርስም።

ስትተኩሺ ግራ አውራ ጣትሽ ከሽጉጡ ጀርባ እንዳይሻገር፤ ብረቱ ሲመለስ ይቆርጠዋል። የእጅ አንጓሽ ከላላ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀረቀራል፤ ሽጉጡ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ፣ አያያዝሽን አጥብቂ። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆንሽና ቀዳዳዎቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ከተሰበሰቡ፣ ጥይቱ ሳይወጣ እጅሽ ርግጫውን ቀድሞ እየገፋ ነው። ጥሩ አስተማሪ ሳያሳይሽ ካዝናው ውስጥ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ይቀላቅልበታል፤ ምላጩን ስትስቢ ምንም ሳይፈነዳ አፈሙዙ ዝቅ ሲል በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

አለባበስ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አንገቱ የተዘጋ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ። የጋለ ቀለህ ደረት ውስጥ ሲገባ ሰው ሽጉጡን እንደያዘ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ አደገኛው ቅጽበት ያ ነው። ቢያቃጥልሽም አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሺ መጀመሪያ ሽጉጡን አስቀምጪ። ቤት ውስጥ ያለ ሜዳ ከሆነ የጆሮ ቡሽም መሸፈኛም ደርቢ። ስትጨርሺ ሳትበዪ እጅሽን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ የተኩሱ ብናኝ እርሳስ አለበት። 50 ጥይት በልክ አትያዢ፤ ሁለት ፓኮ ያዢ።

ወረቀቱ ላይ የኛን ሰው የሚያሰቃየው ስም ነው። የአባት ስም አንዱ ጋ መካከለኛ፣ ሌላው ጋ የመጨረሻ ሆኖ ይገኛል። መንጃ ፈቃድሽ፣ የትምህርት ወረቀትሽ፣ ማመልከቻው ፊደል በፊደል አንድ ይሁኑ። አስተማሪው ሲጽፍ አጠገቡ ቆመሽ መንጃ ፈቃድሽን አስይዥው። ማመልከቻው በዲፒኤስ ድረ ገጽ ነው፤ መደበኛው ክፍያ 40 ዶላር። የጣት አሻራው አይደንቶጎ በሚባል አሻራ አንሺ ድርጅት በኩል በቀጠሮ ነው፣ ለብቻው ይከፈላል። እጃቸው በጽዳት ኬሚካል የደረቀ ሰዎች አሻራቸው ይመለሳል፤ ቀደም ብለሽ ለጥቂት ቀናት ቅባት ተቀቢ። የታሰርሽበት ወይም የተከሰስሽበት ነገር ካለ፣ የተዘጋም ቢሆን ጻፊው። ዲፈርድ (ፍርዱ የተላለፈለት፣ በአመክሮ የተለቀቀ) ያገኘ ሰው «አልተፈረደብኝም» ይላል፤ ለኤልቲሲ ግን እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያም ይከለክላል።

ጫትንም ሳልነካ አላልፍም፣ ማንም አያነሳውማ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛው መደብ ውስጥ የተከለከለ ነው። ሽጉጥ ስትገዢ የምትሞይው ቅጽ 4473 የተከለከለ ዕፅ ትጠቀሚያለሽ ወይ ይላል። የሚቅም ሰው «አልጠቀምም» ብሎ ከፈረመ በፌዴራል ቅጽ ላይ ዋሸ ማለት ነው።

ፈቃዱ ከመጣ በኋላ በር ላይ ያለውን ማንበብ ልመጂ። ቀዩ «51%» (ከገቢው ከግማሽ በላዩን ከመጠጥ ሽያጭ የሚያገኝ ቤት ምልክት) የተለጠፈበት መጠጥ ቤት ፈቃድ ቢኖርሽም መግባት ከባድ ወንጀል ነው፤ የኛ ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ማታ መጠጥ ቤት ስለሚሆኑ በሩን ሳታዪ አትግቢ። 30.06 (ፈቃድ ያለውን ሰው ሽጉጥ ደብቆ እንዳይገባ የሚከለክለው የሕግ ቁጥር) የሚል ጽሑፍ ካለ ተሸፍኖም ቢሆን ይዘሽ አትገቢም። ቤተ ክርስቲያን ከ2019 ወዲህ ክልከላ ካልተለጠፈ ወይም ካልተነገረሽ ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ሰበካ ጉባኤውን ሳትጠይቂ አትግቢ እላለሁ። የኢሚግሬሽን ቢሮ የፌዴራል ሕንፃ ነው፣ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ቦርሳሽን ቤት ፈትሺ። በትርፍ ሰዓትሽ ኡበር የምትነጂ ከሆነ ኩባንያው ሽጉጥ አይፈቅድም፣ ቴክሳስ ቢፈቅድም። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ ዘመድ ልትጠይቂ ስትሄጂ የቴክሳሱ ፈቃድ እዚያ አይሠራም።

ልጆች ካሉሽ ቁልፍ ያለው ሳጥን ከሽጉጡ በፊት ግዢ። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የጎረሰ ሽጉጥ ቢያገኝ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ቦርሳ ውስጥ ልቅ አድርጎ መያዝንም ተዪው፤ ምላጩን የሚሸፍን ሆልስተር ይኑረው፣ ኪሱ ውስጥም ሌላ ነገር አይግባ።

ፖሊስ ካስቆመሽ ሁለት እጅሽ መሪው ላይ ይሁን። «ሽጉጥ አለኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ የመታጠቅ ፈቃድ እንዳለሽና ሽጉጡ የት እንደሆነ ንገሪው፣ እስኪያዝሽ አትንቀሳቀሺ። መታወቂያ ሲጠይቅሽ ከመንጃ ፈቃድሽ ጋር ኤልቲሲውንም አብረሽ ስጪው።

የደወልሽላቸውን አስተማሪዎች መልስ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሰዓቱንና ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚቆም ጨምረሽ፤ አብረን እናያለን።